አምስተኛው ቤተ መቅደስ

ካንቺፑራም፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2025

ይድረስ ለወንድሜ ለወንድሜነህ፤

እንዴት ሰንብታችኋል? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

እንዳልደውል ያልከኝን ተቀብያለሁ። ድምፄን በስልክ በሰማች ቁጥር «ልጄ ደጅ ቆማለች» እያለች የምትነሳ ከሆነ መደወሉ እሷን ማሰቃየት ነው። እንዳልከው እጽፋለሁ። በእጄ ጽፌ በፎቶ እልክልሃለሁ፤ አንተ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ሆነህ ቀስ ብለህ አንብብላት። ግራው እንደማይሰማ አትርሳ።

ለምን እንደሄድኩ አሁንም ጠየቅከኝ፤ አሁንም ልንገርህ። እማዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእኔ ጋር ዘጠኝ ዓመት ስትኖር አንድ ቀን ተለይቻት አላውቅም። የራሴን እናት ትቼ የሰው እናት ይዤ ሕንድ አገር መምጣቴ እንዴት እንደሚመስል አይጠፋኝም። ግን አማ ሳራዳን እኔ ነኝ ስድስት ዓመት ቤታቸው እየሄድኩ ያጠብኳቸው፣ ያበላኋቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ባላቸው ሲሞቱ በደቡብ ሕንድ ያሉ አምስት ቤተ መቅደሶችን ሊሳለሙ ተስለው ነበር። ልጃቸው «ነርስ እቀጥርልሻለሁ» ቢላቸው «ከስሂን ሌላ ገላዬን የሚነካ የለም» አሉ። ስለት ነው፤ እምቢ ማለት አልሆነልኝም። አንተም «ሂጂ፣ እኔም እኮ ልጇ ነኝ» ብለኸኛል።

ስለ ሃይማኖቱ ላልከው፣ ሳልመጣ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። «እጅሽን ስጪ፤ ጉልበትሽን አትስጪ» አሉኝ። እንዳሉኝ ነው የማደርገው። አማን በተሽከርካሪ ወንበር እገፋለሁ፣ ጫማቸውን አወልቃለሁ፣ ውስጠኛው በር ስንደርስ የእህታቸው ልጅ ቪጃያ ከእኔ ትረከባቸዋለች። ከዚያ ወዲያ የእነሱ እምነት ያልሆነ አይገባም። እኔ አንዱን ምሰሶ ተደግፌ የራሴን አባታችን ሆይ እላለሁ።

ዛሬ የአዲስ እህል በዓላቸው ነው። በየደጁ ሩዝ በወተት ይጥዳሉ፤ ፈልቶ ከማሰሮው ሲገነፍል በደስታ ይጮኻሉ። ለእማዬ ንገራት፤ ወተት ገነፈለ ብሎ እልል የሚል አገር አለ በላት። እኛን በዚሁ ስንት ጊዜ ቆንጥጣናለች!

አደራህን ወንዴ። ጫማዋን በር አጠገብ አታስቀምጥ፤ ደብቀው። ጫማዋን ካላየች መውጣት አታስብም። ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻዋን አትሁን። ልጅህ ሂዊ በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት በዘጠኝ ትመጣለች፣ አንተ በአሥር ወደ ሥራ ትወጣለህ፤ ይኼ ሰዓት እንዳይዛባ።

እህትህ ስሂን


ስካይላይን፣ ጃንዋሪ 18

ለእህቴ ለስሂን፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ። ደብዳቤሽን በቀኝ ጆሮዋ በኩል ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። የወተቱን ስትሰማ ሳቀች፤ «ያበዱ ናቸው» አለች። ቀጥላ ማን እንደጻፈው ጠየቀችኝ። ስሂን ናት አልኳት።

«ስሂን የት ሄደች?»

«ሕንድ አገር፤ አንዲት አሮጊት ይዛ።»

«የራሷ እናት የላትም እንዴ?» አለችኝ። ይኼን መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን ስትሄጂ ምንም ሳትደብቅ ጻፍ ብለሽኛል።

ጫማዋ መጥረጊያ ከምናስቀምጥበት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልጄ ሂዊ ከአሌክሳንድሪያ በባስ እየመጣች አብራት ትውላለች። አንዷ በእንግሊዝኛ፣ አንዷ በአማርኛ፤ ምን እንደሚባባሉ እግዜር ይወቅ፤ ግን ሲሳሳቁ እሰማለሁ።

ስለ ሥራዬ ሰዓት ላልሽው፣ የፓርኪንጉ ማናጀር ተቀይሯል፤ ሌላ አዲስ ነገር የለም። መኪና ይገባል፣ መኪና ይወጣል። ሰዓቱም አልተዛባም። አትጨነቂ።

ብርዱ ግን ዘንድሮ ጉድ ነው። በዚህ በስካይላይን ሕንፃ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን ነፋሱ መስኮቱን ሲያንኳኳ እማዬ «ግቡ!» ትላለች።

ወንድምሽ ወንድሜነህ


ስሪራንጋም፣ ጃንዋሪ 24

ወንዴ፤

ደህና ናችሁ? ትናንት ከእማዬ ስልክ አራት ጊዜ ተደውሎልኛል። እዚህ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ በር ላይ ለአስቀማጩ ሰጥቼ ነበር። ስወጣ ባየው አራት ጊዜ፣ በተከታታይ። መልሼ ብደውል የሚያነሳ የለም። አንተ ጋ ብደውል «ሁሉ ሰላም ነው፤ ጻፊ» የሚል ቴክስት ላክህ። እሺ፣ እየጻፍኩ ነው። ምን ፈልጋ ነው? እሷ እኮ ስልኩ ላይ ያቺን የእኔ ፎቶ ያለባትን ቁልፍ የምትጫነው ስትፈራ ብቻ ነው።

ይኼ ቤተ መቅደስ ሰባት ቅጥር አለው። አራቱን ቅጥር ሲያልፉ ገና ገበያ ነው፤ ሰው ቤት ሠርቶ ይኖርበታል፣ ልብስ ያሰጣል፣ ጸጉር ይቆረጣል። አማ ስገፋቸው «ደረስን?» ይሉኛል፤ «ገና ነው አማ» እላቸዋለሁ። በእነሱ ቋንቋ አማ ማለት እናት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አማ፣ አማ ስል እውልና ማታ ስተኛ ያመኛል።

ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ወዳለበት ወደ ቺዳምባራም ስንሄድ አማን ትኩሳት ያዛቸው፤ ለቀቃቸው። ሁለት ቀርቷቸዋል፤ ማዱራይና መጨረሻው ራሜስዋራም።

ቶሎ ጻፍልኝ። እማዬ የምትለውን እንደወረደ ጻፍልኝ።

ስሂን


ስካይላይን፣ ጃንዋሪ 26

እህቴ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። የስልኩ ነገር፣ በስህተት ነው። ስልኳን ትራስ ሥር አድርጋው ተጭናው ነው።

ጉንፋን ቢጤ ይዟታል። ድምጿም ትንሽ ዘግቷል፤ ለዚህ ነው ምን አለች ለምትዪው የምጽፈው የሌለኝ። ተኝታለች። ሐኪም አይቷታል።

ለአማ ሳራዳ እግዚአብሔር ይማርዎ በይልኝ።

ወንድሜነህ


ማዱራይ፣ ፌብሩዋሪ 3

ወንዴ፤

ከስምንት ቀን በፊት ከላክኸው በቀር አንድ መስመር የለም። ጉንፋኑ ለቀቃት? በላች? ለሂዊ ሦስት ጊዜ ቴክስት አደረግኩላት፤ የቀይ ልብ ምስል ብቻ ላከችልኝ። ያቺ ልጅ እንኳን ለእኔ ለማንም መልስ አታጓድልም ነበር። ጎረቤቴ ከበቡሽም ቅዳሜ ቴክስት አድርጋልኝ ነበር፤ «በርቺ፣ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ነው» ብቻ። እሷ መቼ በሁለት ቃል ትሰናበት ነበር?

ልቤ ደህና አይደለም። ማዱራይ የሴት አምላካቸው ቦታ ነው። የበሩ ግንብ እስከ ሰማይ ድረስ በቀለም በተቀቡ ምስሎች ተሸፍኗል፤ ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያል። እኔ የማየው የአበባ ሻጮቹን እጅ ነው። ጃስሚን እየጎነጎኑ ይሸጣሉ፤ የአንዷ አሮጊት እጅ የእማዬን እጅ ይመስላል፤ አውራ ጣቷ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ነው። ከፊቷ ቆሜ አለቀስኩ። አማ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እናትሽ ታማ ከሆነ ተመለሽ» አሉኝ። «እኔ ስለቴን ሌላ ጊዜ አደርሳለሁ።»

ሌላ ጊዜ እንደሌላቸው እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ግን አሉኝ። ቪጃያ ጠይቃልኛለች፤ የሐሙስ በረራ ላይ ቦታ አለ። አሁን አንተ ንገረኝ። እውነቱን። «ነይ» ካልከኝ በሦስተኛው ቀን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ።

ስሂን


ስካይላይን፣ ፌብሩዋሪ 5

ውድ እህቴ፤

አትምጪ። ምን ሆኖ ነው የምትመጪው? እማዬ ደህና ናት። ጉንፋኑ ለቋታል። ትናንት ሾርባ ጠጣች፣ ዳቦም ነክራ በላች። ደብዳቤሽን አነበብኩላት፤ ስለ አበባ ሻጯ ስትሰማ እጇን አውጥታ አየችው። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ፤ «ልጄ የጀመረችውን ትጨርስ። የሰው እናት መንገድ ላይ አይጣልም። የተባረክሽ ሁኚ፣ እግርሽን እንቅፋት አይምታው በላት» አለችኝ። እንደወረደ ጻፍ ስላልሽኝ እንደወረደ ነው።

ሂዊ ፈተና ላይ ናት፤ ለዚያ ነው። ከበቡሽን ታውቂያታለሽ፤ አንድ ቀን ታወራለች አንድ ቀን ትኮራለች።

ጨርሰሽ ነይ።

ወንድሜነህ


ስካይላይን፣ ፌብሩዋሪ 10

ስሂን፤

ይኼን ተቀምጠሽ አንብቢው። ቪጃያን አጠገብሽ አድርጊያት።

እማዬ የለችም። ጃንዋሪ 27፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ አረፈች። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ቀበርናት። ባለፈው የጻፍኩልሽ ሾርባውም፣ ምርቃቱም የእኔ ፈጠራ ነው። ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። የእውነቱ የመጀመሪያው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ትልልቆቹ «ባዕድ አገር ብቻዋን ላለች ሴት መርዶ አይላክም፤ ስትመጣ ማልደን ሄደን እንነግራታለን» አሉ። እኔም እሺ አልኩ። ሂዊ ግን ከቀብር ጀምሮ ትነዘንዘኛለች። «ዳድ፣ የማወቅ ራይት አላት። እስከ ማክሰኞ ካልነገርካት እኔ ኮል አደርጋታለሁ» አለችኝ። ነገ ማክሰኞ ነው።

እንዴት ሆነ ትያለሽ። ያ የደወለችልሽ ቀን ነው፤ ሐሙስ። ብቻዋን ወጣች። ጫማዋ ስላልነበረ በካልሲ ነው የወጣችው፤ ከሌሊት ልብሷ ላይ ነጠላ ደርባ። በሊፍቱ ወርዳ በዚያ ውርጭ እስከ ሴቨን ኮርነርስ በእግሯ ሄደች። አንድ ሐበሻ የባስ ሾፌር ከባስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። «ልጄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችው። ኮቱን አውልቆ አለበሳትና አምቡላንስ ጠራላት። ብርዱ ሳንባዋን መትቶት ነበር። አራት ቀን ብቻ ቆየች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።

ሂዊ ዘግይታ ነበር የመጣችው። ልጅ ናት፤ አትፍረጂባት። ሰውም በለቅሶው ላይ ብዙ ተናግሯታል፤ አንቺ አትጨምሪባት።

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ስልክ ለማንሳት አቅም የለኝም። ይቅር በይኝ።

ወንድሜነህ


ራሜስዋራም፣ ፌብሩዋሪ 13

ወንድሜነህ፤

ደብዳቤህ የደረሰኝ ራሜስዋራም በገባን ማግስት ጠዋት ነው። ይኼ ባሕር ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ቤተ መቅደሱ ውስጥ ሃያ ሁለት የጠበል ጉድጓዶች አሉ፤ ሰው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ በባልዲ ይፈስበታል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ይገባል። አማ ሳራዳ ነጭ ልብስ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተዘጋጅተው ነበር። እንድገፋቸው እየጠበቁ ነበር። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ መነሳት አቃተኝ።

ቪጃያ ነገረቻቸው። አማ እጃቸውን ዘርግተው ራሴን ፈልገው አገኙት። ከዚያ «ልብሴን ቀይሩልኝ። ዛሬ አልገባም» አሉ።

እነሱ ዘንድ ዘመድ የሞተበት ሰው የሐዘኑ ቀን ሳያልቅ ቤተ መቅደስ አይረግጥም። ቪጃያ ደነገጠች። «እሷ ዘመድሽ አይደለችም እኮ! ይኼን ሁሉ መንገድ መጥተሽ!» አለቻቸው።

«ስድስት ዓመት ገላዬን ያጠበው ማን ነው?» አሉ አማ። «የእሷ እናት ሞታ የእኔ ቤት ንጹሕ ነው?»

አልገቡም። አምስተኛው፣ የመጨረሻው፣ ባላቸው ሲሞቱ የተሳሉለት። በሩ ከማደሪያችን ይታያል። ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር ወለል ላይ በምንጣፍ ተቀመጡ፤ ያ ወገባቸው እንዴት እንደቻለው አላውቅም። ትናንት ወደ ባሕሩ ዳር ውሰጂኝ አሉኝ። የእናትሽ ስም ማን ነው አሉኝ። ጌጤነሽ አልኳቸው። እየተኮላተፉ ደጋግመው አሉት። ይኼ ነው ለእናቴ ለቅሶ የደረሰኝ ሰው።

አሁን ስለ አንተ።

ሂዊን ደወልኩላት። ታለቅሳለች፤ «አይ ዋዝ ሌት፣ ዘግይቼ ነበር፣ አክስቴ» ትላለች፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። ስዘጋው ስልኬን ከፍቼ የእማዬን ጥሪ አየሁት። የመጀመሪያው እዚህ ከሰዓት በኋላ አምስት ከሃምሳ ነው። እናንተ ጋ ጠዋት ሰባት ከሃያ ነው። ሂዊ የምትመጣው በዘጠኝ ነው። አንተ የምትወጣው በአሥር ነው። በሰባት ከሃያ አንተ ቤት ውስጥ መሆን ነበረብህ፤ እናቴ ግን አራት ጊዜ ለእኔ ደወለች። ሰው አጠገቧ ያለ ሴት ሕንድ አገር ትደውላለች?

የት ነበርክ?

ጫማዋን ደብቅ ያልኩህ እኔ ነኝ። በካልሲ ያስኬድኳት እኔ ነኝ። ስልኬን ለሰው ሰጥቼ ምሰሶ ተደግፌ የቆምኩት እኔ ነኝ። የእኔን እኔ እሸከማለሁ። «አትምጪ» ያልከኝንም እሸከማለሁ፤ በዚያን ቀን እሷ ተቀብራ ነበርና መምጣቴ አያድናትም ነበር። የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ላይ የጫንከውን ግን አልሸከምልህም። አያትሽን ገደልሽ እየተባለች ልትኖር ነው?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው አዳራሽ ሲሰበሰብ ተነስተህ ተናገር። በለቅሶው ላይ በነበሩት ፊት፣ ልጅህ ባለችበት። ካልተናገርክ መጥቼ እኔ እናገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወንድም የለኝም።

ስሂን


ስካይላይን፣ ፌብሩዋሪ 16፣ እሑድ

ስሂን፤

ተናገርኩ።

አዲሱ ማናጀር አንቺ በሄድሽ ሰሞን ሺፍቴን ከጠዋት ስድስት ሰዓት አደረገው። አልችልም ብል ያባርረኛል ብዬ ፈራሁ። ለሂዊ ብነግራት ኮሌጇን ትተዋለች። ለአንቺ ብነግርሽ ከመንገድ ትመለሻለሽ፤ «ዘጠኝ ዓመት የያዝኳትን አምስት ሳምንት አቃተው» ትያለሽ ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ የፈራሁት ይኼንን ነው። እማዬ እስከ ዘጠኝ ትተኛለች። በመጀመሪያው ቀን ተኝታ ትቻት ሄድኩ፤ ምንም አልሆነችም። በሁለተኛውም። ለሂዊ በየቀኑ ዘጠኝ ሲል «አሁን ገና ወጣሁ» ብዬ ቴክስት አደርግላት ነበር። በስምንተኛው ቀን ወጣች። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ እውነት ነው ብዬሽ ነበር፤ «ሰዓቱ አልተዛባም» ያልኩሽ ያኔም እየተውኳት ነበር።

ሂዊ አልዘገየችም። በዘጠኝ አምስት ጉዳይ ደርሳ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘችው። ሆስፒታል ሰው ተሰብስቦ «ማን ነበር የሚጠብቃት?» ሲሉኝ አፌ በራሱ «ሂዊ ዘግይታ» አለ። ማስተካከል እችል ነበር። በየቀኑ እችል ነበር።

ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ተነስቼ ይኼንኑ አልኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻል ነበር። ከበቡሽ «እኔን ይቁረጠኝ፣ ልጅቷን በሰው ፊት ወረድኩባት!» እያለች ሄዳ ሂዊ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ሂዊ ያዘቻት። ሌላው ሰው ኮቱን እየለበሰ በጎኔ አለፈ።

ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ «ይቅር በዪኝ» አልኳት።

«አውቅ ነበር» አለችኝ። በአማርኛ ነው የመለሰችልኝ። «የሺፍትህ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም ብለሽ በራስሽ ላይ ተቀበልሽ?»

«አንተ እንድትናገር እየጠበቅኩ።»

ከቀብሩ ወዲህ እኔ ዘንድ የነበረ ልብሷን ሰብስባ አንቺ ቤት ሄደች፤ ሲልቨር ስፕሪንግ። የቤትሽን ቁልፍ ሰጠኋት። አውሮፕላን ማረፊያ የምትቀበልሽ እሷ ናት። እኔን «እንዳትመጣ» ብላኛለች። አልፈርድባትም።

ነገ በስድስት ሥራ እገባለሁ። እናቴን የተውኩበትን ሥራ ይዤ ቀረሁ።

ወንድሜነህ


ቼናይ፣ ፌብሩዋሪ 19

ለወንድሜነህ፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሂዊም ነግራኛለች፤ ከአንተ ጋር ይመሳሰላል።

ዛሬ ማታ እሳፈራለሁ። ብቻዬን ነኝ። አማ ሳራዳ ቪጃያ ቤት ቀርተዋል። የሐዘኑ ቀን ሲያልቅ ወደ ራሜስዋራም ትመልሳቸዋለች፤ እስከዚያ የቀረቻቸው የዓይን ብርሃን ከቆየች። ሐኪሙ አይመስለኝም ብሏል። ስሰናበታቸው ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱት፤ ከግንባሬ እስከ አገጬ፣ ቀስ ብለው። ልጃቸው ሌላ ሰው እንደሚቀጥር ነገረኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ አላልኩህም። ሂዊም አላለችህም፤ አትቸኩላት። ቤቴ ትቀመጥ፤ ትምህርቷን ትጨርስ።

አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ዓርብ ጠዋት መቃብሯ ዘንድ እሄዳለሁ። ድንጋይ ገና አልቆመም አለችኝ ሂዊ፤ በረዶ ወርዶ አፈሩን ሸፍኖታል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ቦታውን በደንብ የሚያውቀው አባቴ ነው አለችኝ። በየረድፉ እየዞርኩ እናቴን መፈለግ አልችልም። ቀድመህ ሂድ። ሥራ ካለህም ከሥራ ቅር። ሰላም አትበለኝ፣ አትቀፈኝ። እኔ ከበሩ ላይ እንዳይህ፣ እሷ ያለችበት ላይ ቁምልኝ።

ስሂን